ዐይን ያላት ቀይ መኪና

መሪጌታ እንግዳ ሁለት ጊዜ ነው የሞቱት። የመጀመሪያው ሞታቸው ውሸት ነበር፤ ተዝካሩ ግን የእውነት ነበር፤ ጠላው ተጠምቆ፣ በሬ ታርዶ፣ ካህናቱ ተጠርተው ተበልቶ ተጠጥቷል። ሁለተኛውን ሞታቸውን የሰማሁት ባለፈው ግንቦት ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ብስክሌት ከማድስባት ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጎማ ስለጥፍ፣ ከቡሬ የመጣ ሾፌር ወረደና «የሽንዲው ሠዓሊ አረፉ» አለኝ። ሳላስበው «አጣርተሃል?» አልሁት። ሾፌሩ ያበድሁ መስሎት ትክ ብሎ አየኝ። ምን ይፍረድበት፤ የእኒያን ሰው ሞት አጣርቶ ማመን እንደሚገባ እኔ እንጂ እሱ ከየት ያውቃል።

የተዋወቅነው በጣሊያን ጊዜ፣ ቡሬ፣ የጭነት መኪኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ ነው። እኔ አስተርጓሚ ነበርሁ። ቀደም ብዬ አሥመራ ለአንድ ቆዳ ነጋዴ ሦስት ዓመት ሳገለግል የለቃቀምሁት ጣሊያንኛ ነው እዚያ ወስዶ የጣለኝ። ባንዳ ነበርህ የሚለኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ ይበል። የሠራተኛውን እርግማን ምርቃት አድርጌ፣ የጣሊያኑን ስድብ ምክር አድርጌ እያስተረጎምሁ የስንቱን ጀርባ ከጅራፍ እንዳዳንሁ የሚያውቀው ያውቀዋል። መሪጌታም ይህን ጠባዬን ስለደረሱበት ስሜን ትተው «አንተ የሰው አፍ» ነበር የሚሉኝ። እኔ «የኔታ» እላቸው ነበር።

እርሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ደምበጫ አጠገብ የአንዲት ደብር ግድግዳ ሥለው ወደ አገራቸው ወደ ሽንዲ ሲመለሱ፣ ወታደሮች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ አፍሰው በጭነት መኪና ቡሬ አመጡ። እርሳቸውን ቀለም ያውቃሉ ተብሎ መኪና እንዲቀቡ፣ እንጨት ያውቃሉ ተብሎ የተሰበረ ካሶኒ፣ የመኪናውን የጭነት ሣጥን፣ እንዲጠግኑ አደረጓቸው። ከከተማው ያለ ፈቃድ መውጣት ግን የለም። ሲያዙ የቀለም ከረጢታቸው ወድቆ ቀዩ ቀለም መንገዱ ላይ ተዘርግፎ ነበር። በማግሥቱ በዚያ ያለፈ አንድ ያገራቸው ሰው ከረጢቱን አየ፣ ቀዩን አየ፣ ደም ነው ብሎ ለቤተሰብ መርዶ ነገረ። ይህን እኛ የሰማነው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ቀጭን፣ ረዥም፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ብሩሻቸውን ጥምጥማቸው ውስጥ ሻጥ አድርገው ነው የሚሄዱ። የብሩሹን ጫፍ በምላሳቸው ስለሚያሾሉ ምላሳቸው አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ነው። ያገኙትን ነገር ሁሉ በስንዝር ይለካሉ። አንድ ቀን የጋራዡ ሹም፣ እኛ ካቦ የምንለው ጣሊያን፣ ከምሳ በኋላ ጥላ ሥር ሲያንቀላፋ አፍንጫውን በጣታቸው ከሩቅ ለክተው «ይህስ ሰፊ ግድግዳ ይፈልጋል» ብለው ትተውታል። ሳቄን ለመደበቅ መኪና ሥር ገባሁ።

ካቦው የእሽቅድምድም መኪና ያሳበደው ሰው ነበር። የጋራዡን ግድግዳ ከጋዜጣ በተቀደዱ ሥዕሎች ሞልቶታል፤ ዝቅ ያሉ፣ ረዘም ያሉ መኪኖች፣ የሾፌሩ ራስ ብቻ ብቅ ያለባቸው። አንድ ቀን ጠራኝና፣ መሪጌታ ከነዚህ አንዷን ከእንጨት አሳንሰው፣ ግን ልክ እንደ እውነተኛዋ አድርገው ይሠሩልኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለ። አሳቡ ፎቶ አንሥቶ አገሩ ላሉ ጓደኞቹ መላክ፣ ጎጃም ላይ የእሽቅድምድም መኪና አለኝ ብሎ ማስቀናት ነው። ጉረኛ ነገር ነበር።

መሪጌታ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆሙ። ከዚያ የሾፌሩን ራስ በጣታቸው ለኩ።

«ሰው የትም ሰው ነው» አሉኝ። «የዚህ ሰው ራስ አንድ ስንዝር ከሆነ፣ እኔ አንድ ጣት አደርገዋለሁ። ስንዝር ዐሥራ ሁለት ጣት ነው፤ ስንዝሩ ሁሉ ጣት ይሁን፤ መኪናዋ ራሷ ትመጣለች።»

እውነትም መጣች። ገላዋን ከዋንዛ ጠረቡ። እግሮቿን ከተጣለ ጎማ ቆረጡ፤ የእግሮቿን ሽቦ ቀጫጭን አድርገው አንድ በአንድ ወጠሩ። የጭስ ማውጫዋ የጥይት ቀለህ ነው። ቀለሟ ከጭነት መኪና የተረፈ ቀይ ነው። በምሳ ሰዓት እኛ ጋደም ስንል እርሳቸው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይሞርዷታል፤ እያንጎራጎሩ፣ እያናገሯት ጭምር።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን አልጣማቸውም። ሥዕሎቹ መኪናዋን የሚያሳዩ በጎን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጻድቅና መልአክ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ነው የሚሣል፤ በጎን፣ በአንድ ዐይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። «ምን በድላ ነው በጎን ያዞሯት?» ይሉኛል። ፊት ለፊት የተነሣች አንዲት ፈልጌ ባሳያቸው ይባስ ደነገጡ፤ የእሽቅድምድም መኪና ለካ መብራት የላትም፣ ግንባሯ ባዶ ነው። በቀን ብቻ ስለምትሮጥ መብራት አያስፈልጋትም ብዬ የካቦውን ቃል ነገርኋቸው።

«እኛስ የምንሄደው በቀን አይደለም?» አሉኝ። «ዐይናችንን ቤት ትተን እንወጣለን?»

ስለዚህ ዐይን ሠሩላት። መብራት አላልሁም፤ ዐይን። ከቆርቆሮ ሁለት ክብ ቆርጠው፣ ነጭ ቀብተው፣ በጥቀርሻ ኳሏቸው፤ ትልልቅ፣ ወደ ጎን ሰረቅ አድርገው የሚያዩ ዐይኖች። ግራው ከቀኙ ትንሽ አነስ ይላል፤ የሚስቅ ይመስላል። ካቦው ሲያይ ጋራዡ እስኪናጋ ጮኸ። እኔም «አምሯል፣ ግን ለበዓል ቀን ይቀመጥ ይላል» ብዬ አስተረጎምሁ። መሪጌታ «እንዲህ እየጮኸ የሚያመሰግን ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አሉና ዐይኖቹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፤ በትንንሽ ሚስማር ነበር የሰኳቸው። ከዚያ ወዲህ ካቦው ሲመጣ መኪናዋ ትታወራለች፣ ሲሄድ ታያለች። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ሥራ ያገዝሁ መስሎኝ፣ ግራውን ከቀኙ እኩል ቢያደርጉት አልሁ። ተቆጥተውኝ የማያውቁት ሰው «አይነካም» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ይህን በመሰለው ጨዋታ ላይ ሳለን ነው፣ በየካቲት፣ ወሬው የመጣ። ጥሩነሽ የምትባል ከሽንዲ በኩል ቅቤ አምጥታ ቡሬ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ለጋራዡ ወጥ ቤት ቅቤ ልትሰጥ ስትገባ መሪጌታን አየችና ቅሉ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ተዝካራቸውን የበላች ሴት ናት፤ አማተበች፣ ነካቻቸው፣ እንደገና አማተበች። የከረጢቱን፣ ደም የተባለውን ቀለም፣ ሁሉን ከሷ ሰማን። ከዚያ የባሰውን ነገረችን፤ የሚስታቸው የወይዘሮ አስካለ ወንድሞች፣ ሚስቱ ለሞተችበት፣ ብዙ በሬ ላለው ሰው እኅታቸውን ሊድሩ ለዳግማይ ትንሣኤ ቀን ቆርጠዋል። ወይዘሮ አስካለ እምቢ ብለው ከርመው ነበር፤ አሁን ግን የሚሉት አጥተዋል።

መሪጌታ መጀመሪያ የጠየቁት የተዝካሩ ጠላ እንዴት እንደነበር ነው። ጥሩነሽ ቀጠን ያለ ነበር አለች። ለውሸት ሞት ያም ይበቃል ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ግን ሄደው ካሶኒው ጀርባ ተቀመጡ፤ ያን ቀን ምሳም አልበሉ፣ መኪናዋንም አልነኩ።

ጥሩነሽ ተመልሳ በሕይወት አሉ ብላ ተናገረች። ወንድሞቹ ሐሰት ነው አሏት፤ ያኔ ሞቶ ነበር ተገኘ የሚባል ሰው ብዙ ነው፣ መጥቶ የታየ ግን የለም። ደብዳቤ እንዳንጽፍ፣ ኬላ ላይ ጽሑፍ የተገኘበት ሰው ለጣሊያን የአርበኛ መልእክተኛ ነው፤ ጫካ ሲገባ ደግሞ ለአርበኛው የጣሊያን ሰላይ ነው፤ በሁለቱም በኩል መጨረሻው አንድ ነው። ፈቃድ ጠይቀው እንዳይሄዱ፣ ሽንዲ በኩል ያለው አገር አርበኛ የያዘው ነውና ማን ይሰጣቸዋል። መሪጌታ ሦስት ቀን ጭነት መኪና ብቻ ሲቀቡ ከረሙ። በአራተኛው ቀን መኪናዋን አቅፈው መጡና «የመኪና ፎቶ ደብዳቤ ነው?» አሉኝ።

ወዲያው ገባኝ። የጣሊያንን የእሽቅድምድም መኪና ፎቶ የያዘች ቅቤ ነጋዴ ኬላ ላይ ማን ይነካታል? አርበኛውም ቢያገኘው ጽሑፍ የሌለው ሥዕል ነው። ከመኪናዋ ጋር መሪጌታ ቢታዩ ደግሞ ከስንት ደብዳቤ ይበልጣል።

መኪናዋ ስታልቅ ካቦው ደስ ብሎት ዋጋህን ንገረኝ አላቸው። በየትኛው ካሜራ እንደምትነሣ እኔ ልምረጥ አሉ። ካቦው ሳቀና ሁለቱንም አወጣላቸው። አንዷ ከአንገት የምትንጠለጠል ትንሽ ናት፤ ጠቅ አድርጎ መሄድ ነው። ሌላው ሦስት እግር ያለው የእንጨት ሣጥን ነው፤ በፊልም ፈንታ መስተዋት ላይ የሚያነሣ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው የሚያዩበት። መሪጌታ ሁለቱን በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ዞረው ዞረው መረመሩ። ትንሿን በቀዳዳዋ አይተው «ይህቺ ሥዕሉን አስቀድማ አታሳይም፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የምትናገር» አሉና መለሷት። ከዚያ ጨርቁን ተከናንበው ትልቁ ውስጥ ገቡ። ሲወጡ ጥምጥማቸው ተፈቷል።

«ሰውም ዛፉም ተዘቅዝቋል» አሉኝ በሹክሹክታ። «አገራችንን እንዲህ የገለበጧት በዚህ እያዩ ነው ለካ።»

ያችን አላስተረጎምኋትም። ተመልሰው ገቡና የፊቱን ቀለበት ካቦው እንዳሳያቸው እያዞሩ ብዙ ቆዩ። ቀለበቷ ስትዞር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል፣ ይጠባል። ሲሰፋ ቅርቡ ይጠራና ሩቁ ጉም ይሆናል፤ ሲጠብ ግን ቅርቡም ሩቁም አብሮ ይጠራል። ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ደረሱበት። «ይኸኛው ነው» አሉ። ለኔ ለብቻዬ እንዲህ ሲሉ አብራሩልኝ፤ ስንዝሩን ጣት ካደረግሁት እርምጃውንም እንደዚያው ላድርገው፤ መኪናዋ ከካሜራው ሁለት እርምጃ ትቀመጥ፣ እኔ ሃያ አራት እርምጃ ልራቅ፤ ያኔ ከትልቅ መኪና አጠገብ የቆምሁ እመስላለሁ። አሳቡን ለካቦው ባቀርብለት ሠራተኛ ፎቶዬ ውስጥ አይገባም ብሎ ድርቅ አለ።

በመጋቢት፣ ከጋራዡ ጀርባ ካለው ሜዳ ወጣን። ካቦው የቀረው ሁለት መስተዋት ብቻ ነበር። በመጀመሪያው መኪናዋን ብቻዋን፣ ያለ ዐይን፣ በጎን አነሣት። ሁለተኛውን አስገብቶ ሊያነሣ ሲል ከፊት በር ጡሩምባ ተነፋ፤ አለቆቹ ከደብረ ማርቆስ ድንገት መጥተው ኖሯል። ዕቃውን ሰብስባችሁ አስገቡ አለንና ሸሚዙን እየቆለፈ ሮጠ።

ተያየን። መሪጌታ መኪናዋን ፊት ለፊት አዞሯት፣ ዐይኖቿን ሰኩላት፣ ቀለበቷን አጠበቡ። «የፊቱን ክዳን አንሣ፤ አንድ ጊዜ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ በል፤ ክደን» ብለውኝ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ሄዱ። ሃያ አራት ላይ ዞረው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ በሁለት ዐይናቸው ወደ እኛ።

ክዳኑን አነሣሁ። በስመ አብ አልሁ፤ መክደኑ ጠፋኝ። ደግሜ አልሁ። ሦስተኛውን ስጀምር የመሪጌታ ራስ ሲወዛወዝ አየሁ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ እግራቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ከደንሁ። ያኔ ዘለሉ፤ የቆሙት የጉንዳን መንገድ ላይ ነበር። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሜዳውን ሲዞሩት፣ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እርሳቸውም ጉንዳኑን እያራገፉ ይስቃሉ። እንደዚያ ቀን የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ካቦው ሁለቱን ፎቶ ሲያጥብ ጉዱን አየ። ማን አነሣው አለ፤ እኔ አልሁ፤ አንድ ጥፊ አቀመሰኝ። ከዚያ ግን ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ያያቸው ጀመር። የራሱ ፎቶ መናኛ ነው፤ ሣሩ ዛፍ አክሎ መኪናዋ የልጅ መጫወቻ ሆናለች። በእኛው ግን ከኋላ ሰው ስለቆመ ግዙፍ፣ እውነተኛ መኪና ናት። ካቦው አንገቱን እየነቀነቀ ለጓደኞቹ የላከው የእኛን ነው። ዐይኖቹን ምን ልትላቸው ነው ብዬ ብጠይቀው በሌሊትም ትሮጣለች ብዬ እጽፋለሁ አለኝ። አንዱን ቅጂ ለጥፊው ካሳ ብዬ ለምኜ ወሰድሁ፤ መኪናዋንም ፎቶው ከተነሣ ወዲያ ለመሪጌታ ተወላቸው።

ወስጄ ለመሪጌታ ስሰጣቸው ነው በደንብ ያየሁት። ቁመታቸው አለ፣ ቀሚሳቸው አለ፣ ፊታቸው የለም። በጉንዳኑና በኔ ሦስት በስመ አብ ፊታቸው ጭስ ሆኗል። ሌላ መስተዋት የለም፤ ዳግማይ ትንሣኤ ደግሞ እየመጣ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

መሪጌታ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አዩት። «ለሷ ዐይን ሰጥቼ የራሴን አጣሁ» አሉ። ቀጥለው ወረቀቱን በኮባ ጠቅልለው ለጥሩነሽ ሰጡ። የሆነ ይሁን ብለው ነው እንጂ ተስፋ አድርገው አልነበረም፤ ፊታቸውን አይቼዋለሁ።

ኬላው ላይ የሆነውን ጥሩነሽ ኋላ ነገረችን። ወታደሩ ፎቶውን አይቶ ጓደኛውን ጠራ፣ ሁለቱም እያደነቁ አፏጩለት፣ በክብር መለሱላት። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። አንድ ገበያ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ትንሣኤ ገባ። መሪጌታ ይሥቃሉ፣ ይቀባሉ፣ በር በሩን ግን ያያሉ።

ከትንሣኤ በኋላ በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ጠራኝ፤ አንዲት ሴት ባለ መኪናውን ጥሩልኝ ትላለች አለ። ስወጣ አቧራ የለበሱ፣ በእግራቸው የመጡ ሴት በር ላይ ቆመዋል። አይቻቸው አላውቅም። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ቀና ሲሉ ግን አወቅኋቸው። ትልልቅ፣ ሰረቅ አድርገው የሚያዩ ዐይኖች፤ ግራው ከቀኙ ትንሽ አነስ ያለ፣ የሚስቅ የሚመስል። ስንት ወር ሙሉ መኪና ግንባር ላይ ሳያቸው የከረምሁ ዐይኖች ናቸው። «ወይዘሮ አስካለ» አልሁና እንባዬ መጣ።

እየሄድን ነገሩኝ። ወንድሞቻቸው ፎቶውን አይተው የፈረንጅ መኪና፣ ፊት የሌለው ሰው፣ ይህ ምን ያስረዳል ብለው ነበር። ወይዘሮ አስካለ እንዳዩት አውቀዋል። ወንድሞቹን ይዘው የአጥቢያቸው ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ መሪጌታ በተጋቡ ዓመት የሣሉት መልአክ ግድግዳው ላይ አለ። ፎቶውን ከሥሩ ይዘው ይህን ዐይን ከሳቸው ሌላ የሚሥል ካለ ንገሩኝና ዛሬውኑ ልዳር አሉ። ወንድሞቹ መልአኩን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ በመጨረሻ ቀስ ብለው የእኅታቸውን ፊት አዩ። በሩን ተሳልመው ወጡ። መልአኩ የማንን ዐይን እንደያዘ ካህናቱ እስካሁን አላወቁም፤ አደራህን አሉኝ። ይኸው ዛሬ ተናገርሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

መሪጌታ መኪና ጎን ተንበርክከው ይቀቡ ነበር፤ ምላሳቸው ቀይ ነው። ሲያዩ ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ። ወይዘሮ አስካለ አላለቀሱም፣ አልጮኹም።

«መኪናዎ የታለች?» አሉ።

መሪጌታ ከጎናቸው አንሥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ወይዘሮ አስካለ አገላብጠው አዩዋት።

«ይህችን ታህል ናት?» አሉ። «እኔ ደግሞ ለመመለሻ እሳፈርባታለሁ ብዬ በቅሎ ሳልይዝ መጣሁ።»

መሪጌታ ያን ሲሰሙ ነው ያለቀሱት፤ እየሳቁ።

ወይዘሮ አስካለ አልተመለሱም። ጣሊያን እስኪወጣ ቡሬ አንዲት ጎጆ ይዘው አብረው ተቀመጡ፤ ከዚያ ሁለቱም በእግራቸው ሽንዲ ገቡ። ለሚካኤል በዓል በሄድሁ ቁጥር መኪናዋን መደርደሪያ ላይ አገኛት ነበር፤ መሪጌታ በየዓመቱ ዐይኗን ያድሱላት ነበር። የመጨረሻዎቹን ዓመታት እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ ተዉት።

ለሁለተኛው ተዝካራቸው ሄድሁ። ጠላው ወፍራም ነበር፤ ቢቀምሱት ደስ ይላቸው ነበር። ወይዘሮ አስካለ ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ መኪናዋን ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። በቀብሩ ዕለት ልጆቹ ከአባታችን ጋር እንቅበራት ብለው ነበር አሉ። እርሳቸው እምቢ ብለዋል።

«እርሳቸው መንገዱን ያውቁታል» አሉኝ። «ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ፤ ዐይኗ እኔ ዘንድ ይቅር።» ከዚያ መኪናዋን ወደኔ ዘረጉ። «እስኪ እይልኝ፤ ግራው አሁንም አነስ ይላል?»

ተቀብዬ አየሁ። የግራ ዐይኗ ቀለም ረግፎ ባዶ ቆርቆሮ ሆኗል። ቀና ብዬ የወይዘሮ አስካለን ፊት አየሁ።

«አዎ» አልኋቸው። «ትንሽ አነስ ይላል፤ ይስቃል።»